ቁልፍና ወረንጦ

ሰው ከቤቱ በሚወጣበት ጊዜ ይዞት የሚወጣው ዕቃ ስለ ኑሮው ብዙ ይናገራል። ገበሬው ዱላውን በትከሻው ያጋድማል፤ እረኛው ጅራፉን ይይዛል፤ ነጋዴው የገንዘብ ቦርሳውን በወገቡ ይታጠቃል፤ ተማሪው ደብተሩን በብብቱ ይሸጉጣል። በዛሬው ዘመን ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ሳይዝ ከደጁ የሚወጣ ከተሜ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እምብዛም የማይወራለት አንድ ዕቃ አለ። እርሱም ከቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት የሚንጠለጠለው ትንሽ መሣሪያ ነው። በዚህ ድርሰት ስለዚሁ ትንሽ ዕቃ ጥቅምና እርሱን ይዤ ስዞር ስለ ታዘብኩት ነገር ጥቂት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ሥራዬ በወረታ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች እየተዘዋወርኩ ስለ ዘርና ስለ አዝመራ ከገበሬዎች ጋር መምከር ነው። በቁልፌ ቀለበት ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ የቤቴ፣ ሁለተኛው የሣጥኔ፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቴ ነው። ከእነርሱ ጎን ሁለት መሣሪያዎች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው ከአውራ ጣት እምብዛም የማይረዝም ታጣፊ ብረት ነው። ሲዘረጋ ትንሽ ሰንጢ፣ ትንሽ መቀስ፣ የጠርሙስ መክፈቻና ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ካቻቢቴ ይወጣዋል። ሁለተኛዋ አገር በቀል የሆነችው ወረንጦ ናት። ታጣፊው ብረት ከሩቅ አገር ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ወረንጦዋ ግን በዚሁ በአካባቢያችን በብረት ቀጥቃጭ እጅ የተሠራች ናት።

የፎገራን ሜዳ ያላየ ሰው ለወረንጦ ይህን ያህል ቦታ መስጠቴ ሊያስገርመው ይችላል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ከገደባቸው ሲያልፉ የሜዳው ብዙው ክፍል በውኃ ይተኛል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲርስ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ይህ መሬት ከጥንት ጀምሮ በፎገራ ከብቶች የታወቀ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ በሙከራ ከተዘራበት ወዲህ ደግሞ በሩዙ ጭምር ስሙ ተጠራ። የሩዝ ገበሬ አረሙን የሚነቅለው በውኃና በጭቃ ውስጥ ቆሞ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጫማውን አውልቆ ነው። በዚያው ሜዳ ላይ፣ በተለይም በወል ግጦሽ መሬቱ፣ አሜኬላ የተባለው አረም ይበቅላል። አሜኬላ እርጥበት ያለበትን መሬት የሚወድ፣ በየአንጓው ዙሪያ ረዣዥም እሾህ ያለው ተክል ነው። ግጦሹን እየወረረ ከብቶችን ሣር ስለ ከለከላቸው የአካባቢው ሕዝብ በአንድነት እየወጣ የነቀለበት ጊዜ አለ። በየአጥሩ ጥግ ደግሞ ግራር፣ ቀጋና አጋም አይጠፉም። ከዚህም የተነሣ በፎገራ ምድር ለሚራመድ ሰው እሾህ እንግዳ አይሆንበትም።

የወረንጦ አሠራር ቀላል ነው። አንድ ቀጭን የብረት ቅጠል ከመካከሉ ይታጠፍና ሁለቱ ጫፎች ትይዩ ሆነው እንዲገናኙ በሞረድ ይስተካከላሉ። ብረቱ በተፈጥሮው የመለጠጥ ጠባይ ስላለው፣ ጣት ሲጫነው ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ ጣት ሲለቀው በራሱ ይከፈታል። ጣት የሚያርፈው በማጠፊያውና በጫፉ መካከል ስለሆነ፣ የጣት ትንሽ እንቅስቃሴ በጫፉ ላይ ሰፋ ያለ እንቅስቃሴ ይሆናል። ኃይሉ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ወረንጦ ከባድ ነገርን ለመንቀል አትረዳም፤ ጣት የማይጨብጠውን ረቂቅ ነገር ሳይሰብሩ ለመያዝ ግን ተወዳዳሪ የላትም። ሰንጢውም ቢሆን የሽብልቅ ዘመድ ነው፤ የእጅን ኃይል ወደ ቀጭን ስለት አከማችቶ ይቆርጣል። ካቻቢቴው ደግሞ በእጀታው ስፋት የተገኘውን የመጠምዘዝ ኃይል በጠባቡ ጫፉ ወደ ብሎኑ ያስተላልፋል። በአንድ የቁልፍ ቀለበት ላይ በፊዚክስ ትምህርት የምንማራቸው ሕጎች ተሰብስበው ይገኛሉ ማለት ነው።

መሣሪያን በሰውነት ላይ አንጠልጥሎ መዞር ከውጭ አገር የተቀዳ አዲስ ልማድ ሊመስለን አይገባም። አያቶቻችን ኪስ ያለው ልብስ በማይለብሱበት ዘመን መሣሪያቸውን የሚይዙት በአንገታቸው ነበር። በማተብ ክር ላይ ከመስቀል ጎን ወረንጦና ከብር የተሠራች ኩክ ማውጫ ማንጠልጠል በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተለመደ ነበር። ኩክ ማውጫዋ ጆሮን ታጸዳለች፤ በአንጥረኛ እጅ ተቀርጻ ስለምትሠራም ጌጥ ሆና ታገለግላለች። በዚህ ዓይነት አንድ ክር የእምነት ምልክትን፣ ጌጥንና መሣሪያን በአንድነት ይዞ ይኖር ነበር።

በሌላውም ዓለም ሰዎች ስለዚሁ ጉዳይ ሲያስቡ ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው በፊትዝዊልያም ቤተ መዘክር ከሮማውያን ዘመን የተረፈ አንድ መሣሪያ ይታያል። ዕድሜው ወደ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጠጋ ሲሆን፣ ማንኪያን፣ ሹካን፣ ቢላዋንና ሹል ብረትን በአንድ እጀታ አጣጥፎ ይዟል። በስዊዘርላንድ ደግሞ ካርል ኤልስነር የተባለ ሰው በ1884 እ.ኤ.አ. የቢላዋ መሥሪያ ከፈተ፤ በ1891 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ያ ሰንጢ ስለት፣ መብሻ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው። ካቻቢቴው ወታደሩ ጠመንጃውን እንዲፈታበት፣ መክፈቻው የታሸገ ምግቡን እንዲከፍትበት ታስቦ የተሠራ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላም ለመኮንኖች ቀለል ያለ ዓይነት ቀረበ። በአሜሪካም ቲም ሌዘርማን የተባለ ሰው በ1975 እ.ኤ.አ. በኤውሮፓ ሲዘዋወር አሮጌ መኪናው በየመንገዱ እየተበላሸ ቢያስቸግረው፣ በኪሱ የነበረው ሰንጢ ፒንሳ ስለሌለው መጠገን ተሳነው። ከዚህም ችግር ተነሥቶ ፒንሳና ሰንጢን አጣምሮ የያዘ መሣሪያ ለመሥራት ብዙ ዓመታት ደከመ፤ በ1983 እ.ኤ.አ.ም ለገበያ አቀረበው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው እነዚህ ዕቃዎች የተገኙት አንድ ሰው በመንገድ ላይ እጁ ባዶ ሆኖ ሲቸገር ከሚወለድ ሐሳብ መሆኑን ነው።

ወደ ወረታ እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ነው። መንገደኛ በሚበዛበት ስፍራ የሚላላና የሚበጠስ ነገርም ይበዛል። አንዲት እናት በጆንያ ያመጡትን ሩዝ አፉን የሰፉበት ሲባጎ ጠብቆ አልፈታ ሲላቸው፣ በመቀሱ ቆረጥ አድርጌ እከፍትላቸዋለሁ። የአንድ መምህር የመነጽር ብሎን ሲላላ በካቻቢቴው ጫፍ አጠብቅለታለሁ። ማታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ክዳኑን ከፍቼ የላላውን ሽቦ እመለከታለሁ። በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ፣ ከርብ ወንዝ ውኃ የሚስበው ሞተር ቱቦው ሲያፈስስበት፣ ማጥበቂያውን ብሎን በዚያችው ብረት እናጠብቀዋለን። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል አንዱም ቢሆን ሙያተኛ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሆኖም መሣሪያው በቦታው ባይኖር ለእያንዳንዱ ወደ ከተማ መመላለስ፣ ቀን ማባከንና ገንዘብ ማውጣት ይጠይቅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የወረንጦን ዋጋ ያስረዳኝ አንድ ቀን በሐምሌ ወር ያየሁት ነው። ጊዜው የሩዝ አረም የሚነቀልበት ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘኋቸው።

«አያ፣ ምን ሆኑ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሾህ ገብቶብኝ ሦስት ቀኔ ነው፣ ልጄ። አረሙ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው እንጂ መርገጡስ አቅቶኛል» አሉኝ።

ተረከዛቸው አብጦ ቀልቷል። ደግፌ ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸውና ባለቤታቸውን፣ «እትዬ፣ እባክዎን ውኃ ያፍሉልኝ፤ ሳሙናም ቢኖር መልካም ነው» አልኳቸው። ወረንጦዋን በፈላው ውኃ ውስጥ አቆየኋት፤ እግራቸውንም እጄንም በሳሙና ታጠብን። እሾሁ የገባው በሰያፍ ስለሆነ፣ ጫፉን ከቆዳው አጠገብ ይዤ በገባበት አቅጣጫ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ጥቁር፣ የጣት ጥፍር ያህል ርዝመት ያለው የአሜኬላ እሾህ ወጣ። አዛውንቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና፣ «እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ፤ እጅህ ይባረክ!» ብለው መረቁኝ።

«አሜን፣ አያ። ነገር ግን ሦስት ቀን የቆየ ቁስል ስለሆነ ጤና ጣቢያ ሄደው መታየትና ክትባት መጠየቅ ይኖርብዎታል» አልኳቸው።

«ለእሾህ ደግሞ ጤና ጣቢያ?» ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። «አንተ ሰው፣ እግርህ ከሌለ ሩዙን ማን ሊያርመው ነው?» አሏቸው። በማግሥቱም ልጃቸው ይዟቸው ሄደ።

የእኒህ ሴት ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። በአረም ወቅት የአንድ ገበሬ እግር የቤተሰቡ ጎተራ ነው። አረሙ በጊዜው ካልተነቀለ ሩዙን ያቀጭጨዋል፤ ሩዙ ከቀጨጨ ደግሞ የልጆች ደብተርና ልብስ ይጎድላል። ይህን ሁሉ ሊያጎድል የነበረው ከጥፍር የማይበልጥ እሾህ ሲሆን፣ መፍትሔውም ከጣት የማትበልጥ ብረት ነበረች። ትንሽ ችግር ትንሽ መፍትሔውን በወቅቱ ካላገኘ ትልቅ ችግር ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቁልፌን ቀለበት በተመለከትኩ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ። በዚያች ቀለበት ላይ ሁለት ዓይነት ብረት አለ። ቁልፉ የእኔ የሆነውን ከሌላው ሰው ይጠብቅልኛል፤ በቁልፌ የሚገባ ከእኔ በቀር ሌላ የለም። መሣሪያዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገለግሉት የእኔ ያልሆነውን ነው፤ የሌላውን ጆንያ፣ የሌላውን መነጽር፣ የሌላውን እግር። ወረንጦ ያለው ሰው በመንደሩ ሁሉ ዘንድ ይታወቃል፤ ልጅም ሽማግሌም ወደ ደጁ ይመጣል። ንብረትን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው ሀብቱን እንጂ ጎረቤቱን አላሰበም። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው የአበው አነጋገር ሥራ ላይ የሚውለው በእንዲህ ያለ ትንሽ አጋጣሚ ነው።

ስለ ወረንጦ ስንናገር የሠራትን ሰው መርሳት አይገባም። ብረት ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ፣ ብረቱን እያጋለ፣ በጉጠት ይዞ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ይሠራታል። ይሁንና ባለፉት ዘመናት ኅብረተሰባችን ይህን ሰው «ቀጥቃጭ» እያለ ይንቀው፣ «ቡዳ» እያለ ይሸሸው፣ ከእርሱ ጋር በጋብቻ መተሳሰርን ይጠየፍ ነበር። እርሱ የሠራትን ወረንጦ በአንገቱ፣ እርሱ የሠራውን ማረሻ በሞፈሩ ላይ ያዋለ ሰው፣ ሠሪውን ግን ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ሄደን የምናገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። ንጉሡ ለአገር ኃይል የእጅ ሥራ አስፈላጊ መሆኑን ተረድተው ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ግን ብቻውን ልማድን አይነቅልም። ንቀትም እንደ እሾህ ነው፤ ሥር ሰድዶ ከመመርቀዙ በፊት እያንዳንዱ ሰው ከራሱ አስተሳሰብ ውስጥ ሊያወጣው ይገባል። በሠሪው የሚያፍር ሰው በሥራው ሊመካ አይችልም።

መሣሪያን መያዝ ብቻውን በቂ አይደለም፤ አያያዙንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ አንዲት ወረንጦ ሳትታጠብ ከእግር ወደ እግር ትዘዋወር ነበር፤ ይህም የመተሳሰብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ደም የነካው ስለት ወይም ሹል ነገር የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ እንደሚችል እናውቃለን። ስለዚህ ወረንጦን ለሌላ ሰው ከማዋስ በፊትም ሆነ በኋላ በሳሙና አጥቦ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በፈላ ውኃ መቀቀል ይገባል። በጥልቀት የገባ እሾህ ሌላም አደጋ አለው። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ አየር በማያገኝ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ውስጥም ይራባል። ስለሆነም እሾሁ ተሰብሮ ከውስጥ የቀረ እንደሆነ፣ ቁስሉም ያበጠ ወይም የመገለ እንደሆነ፣ በወረንጦ መቆፈር ጉዳትን ያብሳል። እንዲህ ያለው ጉዳይ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም በሽታው ከመምጣቱ በፊት የሚወሰድ መከላከያ ነው።

ሰንጢውም ወሰን አለው። ለሲባጎ መቁረጫ የተሠራ ስለት በጠብ ጊዜ የሚታሰብ ከሆነ መሣሪያነቱ ቀርቶ ጦር ይሆናል፤ ስለዚህ የሚቆጣ ሰው ሰንጢ ከመያዝ ቢቆጠብ ይሻለዋል። ተማሪም የትምህርት ቤቱ ደንብ ስለት ይዞ መግባትን የሚከለክል ከሆነ ከቤቱ ትቶት መሄድ አለበት። በአውሮፕላን የሚሄድ መንገደኛም ስለቱን በሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ በተለይ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አደጋ ወዲህ በመንገደኞች መቀመጫ ክፍል ሰንጢ ይዞ መግባትን የሚመለከተው ቁጥጥር ጠብቋል። ኤሌክትሪክ ያልተቋረጠበትን መስመር በትንሽ ካቻቢቴ መነካካትም ሕይወትን ያሳጣል። ባለመሣሪያ መሆን የሚገባውን ከማይገባው ለይቶ ማወቅን ይጠይቃል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህን ሁሉ ብረት መሸከም ለምን ያስፈልጋል? ለሁሉም ነገር ባለሙያ አለ» ይላሉ። በከተማ መካከል ለሚኖር ሰው አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን ችግር ባለሙያ ካለበት ቦታ መርጦ አይደርስም። በማሳ መካከል፣ በመንገድ ዳር፣ በጨለማ ቤት ውስጥ የሚገኘው መሣሪያ አንድ ሰው አስቦ የያዘው ብቻ ነው። ደግሞም ዋናው ነገር የመሣሪያው ብዛት አይደለም። አሥራ ሁለት ስለት ያለው የፋብሪካ ብረት በኪሱ ይዞ የሰውን ችግር አይቶ የሚያልፍ አለ፤ አንዲት አሮጌ ወረንጦ ብቻ ኖራው መንደሩን ሁሉ የሚያሳርፍም አለ።

ስለዚህ አንተም ወጣት፣ አንቺም ወጣት፣ ነገ የራሳችሁን ቤት ቁልፍ በምትይዙበት ጊዜ፣ ከቁልፉ ጎን ለሌላው የሚጠቅም አንድ ትንሽ ነገር ማንጠልጠልን አስቡ። ወረንጦ ብትሆን መልካም ነው፤ ካቻቢቴም ቢሆን መልካም ነው። ንጽሕናዋን ጠብቁ፤ የሠራትን እጅ አክብሩ፤ የተቸገረ ሲጠይቃችሁ ሳትሰለቹ አውጧት።